እኔ የያዝኩት ጫፍ

ይህን ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ባሌ አያውቀውም፤ ልጄ አታውቀውም፤ የነፍስ አባቴ መምሬ ወልዴም ሳይሰሙት ሞቱ። በየዓመቱ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ሳልጾም ያለፈኝን ረቡዕ ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን ከምላሴ ሥር አድርጌው ተነሳሁ። በላዩም ላይ ቆረብኩበት። እንግዲህ አንተ የምታነበው ሰው ስማኝ። ፍታኝ አልልህም፤ ስማኝ ብቻ።

ባሌ ሽፈራው ይባላል። ስንጋባ በጦሩ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ከሰሜን በእግሩ እየለመነ አገራችን መንዝ፣ ዘመሮ ገባ። ከአባቱ የደረሰው መሬት ጭንጫ ነው፤ ገብስ እንኳ ሲያበቅል ቅር እያለው ነው። ስለዚህ የሰው በር እየበየደ፣ የወፍጮ ቤቱን ሞተር እየጠገነ እንኖር ጀመር። ዝምተኛ ሰው ነው። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ይህን ያዝልኝ፤ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።

አንድ ቀን «መኪና ልሠራ ነው» አለኝ። ልግዛ አላለም፤ ልሥራ። ዝቅ ያለች፣ ኮፈን የሌላት፣ ሞተሯ እርቃኑን ፊት ለፊት የሚታይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በርራ የምትሄድ መኪና። ጦሩ ውስጥ ሳለ አንድ ሻምበል ከቁርጥራጭ ገጣጥሞ የሠራትን አይቶ፣ ያችው በዓይኑ ቀርታ ኖሯል። ለመንዝ መንገድ! ደህናው ካሚዮን በየድንጋዩ በሚሰበርበት አገር!

«መጀመሪያ ሻንሲው ነው» ይለኝ ነበር። ሞተሩንም ጎማውንም የሚሸከመውን የታችኛውን አጥንት ማለቱ ነው። «ሻንሲው ቀጥ ካለ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።»

ብረት የሚገዛበት አልነበረውም። በጦርነቱ ገደል ከገባ የተቃጠለ ካሚዮን ሁለት ረጃጅም ብረት በእጅ መጋዝ ቆርጦ፣ በሰው ሸክም አወጣ። ከወፍጮ ቤት የተጣለ ቧንቧ ለመነ። ለብየዳው ወፍጮው በማይፈጭበት ቀን የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ጄኔሬተራቸውን ያስነሱለታል፤ እሱም በምትኩ ሞተራቸውን ይጠግናል። ሁለቱን ረጃጅም ብረት የሚያገናኝ አራት ማገር ሲያንሰው ግን የሰርጋችንን አልጋ ፈታ። እናቴ የሰጠችኝን የብረት አልጋ። «ለጊዜው መደብ ላይ እንተኛለን፤ መኪናዋ ስታልቅ የተሻለ እገዛልሻለሁ» አለኝ። ያን ቀን ብጮህበት፣ ብሳደብ፣ አባቴ ቤት ብገባ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ታግሼ መሰለህ? አይደለም።

ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ «አስካለ፣ መቼ ነው የምታሳፍሪን?» ይሉኝ ነበር። ቃሉ ሁለት መንገድ እንዳለው እነሱም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሳቁን እንስራዬ ውስጥ ጨምሬ ዳገቱን እወጣለሁ።

አሁን ወደ በደሌ ልግባ።

ሻንሲው ግቢያችን ውስጥ፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ረጅም ብረት፣ መሐላቸው ደግሞ አጫጭር ማገሮች። አልተጣመመም ለማለት ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሲባጎ መለካት አለበት፤ ከዚያም ሌላውን ማዕዘን እንዲሁ። ሁለቱ ልክ እኩል ከመጣ ቀጥ ነው ማለት ነው። ካልመጣ አንድ በኩል ሸሽቷል። የሲባጎውን አንድ ጫፍ እሱ ይይዛል፤ ሌላውን እኔ።

«ምልክቱ ላይ ያዢልኝ፣ አስኩ» ይለኛል።

መጀመሪያ ምልክቱ ላይ ያዝኩ። እኩል መጣ። ፊቱ በራ፤ እንዲያ ሲበራ ደግሞ አልጋዬ ትዝ አለኝ። «እስቲ ለማረጋገጥ» ብሎ ደገመው። ያኔ ጣቴን ከምልክቱ አንድ ጣት ያህል አሸሸሁት። እኔ አሸሸሁት። ማንም አልገፋኝም፤ ሰይጣን አሳተኝ ብዬም አልሸሽም። ሰይጣን የሰው ሲባጎ አይይዝም።

ጎንበስ ብሎ አየ። ደግሞ አየ። «ቅድም እኩል አልነበር?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ለጊዜው ነካክቶ የያዘውን ብየዳ ቆርጦ ብረቱን ገፋው፤ በየደው። ሲለካ እኔ ምልክቱ ላይ ያዝኩ፤ አሁን በእውነት ተጣሞ ነበር። መለሰው። ስንለካ አሸሸሁ። ሳምንት ከሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጋዝ ይቆርጣል፤ ጄኔሬተር ይለምናል፤ ይበይዳል፤ ይለካል፤ እኔ አንድ ጣት አሸሻለሁ። ምን ያህል ደስ ይል እንደነበር ልንገርህ? ያ ገደል ገብቶ ብረት ያወጣ ሰው በእኔ በአንዲት ጣት ሲሰበር ማየት ደስ ይል ነበር። ማታ እጁን ከመሶቡ ሲሰበስብ እያየሁ እኔ ደህና አድርጌ እበላ ነበር።

አንድ ቀን ከምንጭ ስመለስ በሩ ላይ እንደ ልጅ እየዘለለ ጠበቀኝ። ብቻውን ሲባጎውን ቡሎን ላይ አስሮ ለክቶ ኖሯል።

«አስኩ! እኩል ነው! በክርስቶስ፣ እኩል ነው! ነይ፣ አንቺም በዓይንሽ እይልኝ!»

እንስራዬን ከጀርባዬ አወረድኩ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ሄጄ ጫፉን ያዝኩለት።

አንድ ጣት።

ፊቱን ማየት አልፈለግሁም ብልህ ዋሸሁ። አየሁት። ልቅም አድርጌ አየሁት። አልተቆጣም። ሲባጎውን አልጠረጠረም፤ እኔን አልጠረጠረም። ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ «እኔ ነኝ» አለ። «ዓይኔ ነው፤ አንድ ነገር ሆኛለሁ።» ያሰረበት ቡሎን እዚያው ከፊቱ ነበር። መልሶ ማሰር ብቻ ነበር የሚበቃው። ግን ሚስቱ ከያዘችው ጫፍ ይልቅ የራሱን ራስ መጠርጠር ቀለለው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መለካት ሆነ ሥራው። እህል ረሳ። ከራሱ ጋር ያወራል። ገበያ ቀን ሰው አጥራችን ላይ ተደግፎ ያየዋል። አንድ ቅዳሜ ያ ሁሉ ገበያተኛ እያየው ሻንሲው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያኔ ነው ሰው መሳቁን ትቶ ማማተብ የጀመረው።

ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ጌታነህ መጡ። ጸበል ይሂድ የሚል ወሬ ሰምተዋል፤ ግን አላመኑበትም። «ብረት መለካት እብደት አይደለም፣ አስካለ» አሉኝ። «ወንድሜን በጠፍር አስሬ አልወስድም። ሌላ ያደረገው ነገር አለ?»

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። ዕድሉ ከእግሬ ሥር ተቀመጠልኝ። ኧረ ምንም አላደረገም ብል ይበቃ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«መዶሻ አንሥቶብኛል» አልኩ። «ገብስ ስወቅጥ ከኋላዬ መጥቶ ሊፈነክተኝ። ለጥቂት ነው የተረፍኩት።» ሆዴንም ያዝኩ፤ ልጄን አርግዤ ነበርና። እንባም መጣልኝ። ስጠራው የሚመጣ እንባ እንዳለኝ ያን ቀን አወቅሁ።

ጋሼ ጌታነህ ተነስተው ወጡ። በማግሥቱ ከጎረቤት ጎልማሶች ጋር መጥተው አሰሩት። ሲታሰር አልታገለም። «ምን አድርጌ ነው?» አለ። ወንድሙ ነገሩት። ሽፈራው ዞሮ አየኝ። ውሸታም ቢለኝ ኖሮ ምናልባት እዚያው ወድቄ እናዘዝ ነበር። ግን «መዶሻ? በአንቺ ላይ?» ብሎ የታሰሩ እጆቹን አየ። አመነኝ። እዚያው አመነኝ።

ጸበሉ ቆላው ውስጥ ነው። ሙሉ ክረምቱን እዚያ ታስሮ ከረመ። ማለዳ ማለዳ ራቁቱን ያጠምቁታል፤ አጥማቂው በመቁጠሪያ ጀርባውን እየመታ «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?» እያለ ይጠይቀዋል። ስንቅ ይዤ ስወርድ ይህን ቆሜ አይቻለሁ። መንፈሱ እንዲለፈልፍ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን የሚለው ያጣል። የሚለፈልፈው እኔ ውስጥ ነበር፤ እኔን የመታኝ የለም።

እሱ እዚያ ሳለ አንድ የጋራዥ ባለቤት ከደብረ ብርሃን ለጉዳይ መጥቶ ሻንሲውን በአጥሩ በኩል አይቶ ገባ። ዞረው። ሲባጎ አውጥቶ ሾፌሩን አስይዞ ለካው።

«እኅቴ፣ ይህን የሠራው ማን ነው?»

«ባለቤቴ ነው። ታሟል፤ ጸበል ነው።»

«ሲሻለው ይምጣልኝ። በዚህ ዓይነት ብረት እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚሠራ ሰው አጥቼ ነው የምዞረው። እንጀራ አያጣም።» ጋራዡ የት እንደሆነ ደጋግሞ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ሲወጣ ቀጥቃጩን አስጠራሁ፤ ሻንሲውን ቆራርጦ ማረሻ እንዲያወጣበት ሰጠሁት። ማገር የሆነው የእናቴ አልጋ ሳይቀር ሄደ። አየህ፣ ለአልጋው ብዬ አልነበረም።

ሽፈራው መስቀል ካለፈ በኋላ ተመለሰ። የእጁ አንጓ ላይ ጠፍሩ የበላው ጠባሳ ነበር። ግቢው ባዶ መሆኑን አየና «ደግ አደረግሽ» አለኝ። ስለ ጋራዡ ሰው አልነገርኩትም።

በገና ጾም ብቻውን መምሬ ወልዴ ዘንድ ሄደ። ምን እንደተናዘዘ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። መዶሻውን ነው የተናዘዘው። ያላነሳውን መዶሻ። ቀኖና ሰጡት፤ ጾምና ስግደት። ያን ሁሉ ስግደት ሲሰግድ ግንባሩ ሲቆስል አየሁ። ሲጨርስ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።

«አስኩ፣ አላስታውሰውም። ስንት ጊዜ ላስታውሰው ሞከርኩ፤ አልመጣልኝ አለ። ግን አንቺ አትዋሺም። ይቅር በይኝ።»

እኔም «ይቅር ይበልህ» አልኩት።

ይህን አልኩ። የእኔን ኃጢአት በእሱ ግንባር አሰግጄ፣ ይቅርታውን ደግሞ እኔ ሰጠሁ። እጄን ራሱ ላይ አድርጌ ሰጠሁ። ከዚያ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ የጸበሉ ጠፍር እንኳ ከዚህ አይከፋም።

ልጃችን ስትወለድ አላቀፋትም። «እጄን አላምነውም» አለ። ብረት መንካት ተወ። ቤት ውስጥ ያለውን ቢላዋ ሁሉ እኔ ዘንድ አስቀመጠ፤ እንጨት የሚፈልጥልን ጎረቤት ነው። ያደገችው ከመደቡ ማዶ ሆኖ እያያት ነው። ስትድህ ወደ እሱ ከሄደች ተነስቶ ይወጣል። እሷም አባቷ እንደማይወዳት አምና አደገች።

አሁን ዓለም ከተማ አግብታለች። ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ መጣች። ሕፃኗን ወደ እሱ ዘረጋችለት። እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

«እናቴ፣ ለምንድን ነው የማይይዛት?» አለችኝ ጓዳ ገብታ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ምን በድዬው ነው?»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። እመነኝ፣ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ድሮ ታሞ ነበር፤ እጁ አይታመንም» አልኳት። ልጄ ደነገጠች። ወጥታ ሕፃኗን ከእሱ ራቅ አድርጋ አስተኛቻት። አየ።

ለምን እስካሁን አልነገርኩትም? ልቡ ይሰበራል ብዬ ነው ብል ጥሩ ሴት እመስላለሁ። አይደለም። አረጀን፤ ዳገቱን መውጣት አልችልም፤ እሱ ነው ውኃዬን የሚያመጣው፣ እሱ ነው እግሬን የሚያጥበው። የሚያጥበኝ ያዳንኩት ስለመሰለው ነው። ካወቀ ያጥበኛል? ይኸው ምክንያቴ። ከዚህ የተሻለ የለኝም። የአልጋዬን መፈታት፣ የሴቶቹን ሳቅ፣ ድህነቱን እያመጣሁ አልከራከርህም። ድሃ ሴት ሁሉ ባሏን አታሳብድም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደከመኝና መንገድ ዳር ተቀመጥን። እሱ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። ከዚያ፦

«አስኩ፣ እግዜርን የምለምነው አንድ ነገር ነው» አለኝ። «ከእኔ በፊት እንዳትሞቺብኝ። አንቺ ከሌለሽ እኔን ከእኔ ማን ይጠብቀኛል?»

«አይዞህ፣ አልሞትም» አልኩት።