የልጅ ልጄን በዘጠኝ ፐርሰንት

የዚያን ቀን ቤት የነበርነው አራት ነን፤ እኔ፣ ከወርቅ ሥራ ጡረታ የወጣው ባለቤቴ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችን መምህርት፣ እና ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡት የወሎዋ ጎረቤቴ። አምስተኛ ካስፈለገ ስልኬ ነው፤ እሱ ግን በሞትና በሕይወት መካከል ነበር።

ልጄ ሐዋሳ ሆና የመጀመሪያ ልጇን ማለዳ ተገላገለች። ቀኗ ገና ነው ብዬ ይዤ የምሄደውን ሻንጣ እንኳ አልዘጋሁም ነበር። ባሏ ደውሎ፣ «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ስድስት ሰዓት ላይ በቪዲዮ አሳያችኋለሁ» አለኝ። እኔ ታዲያ ምን ሠራሁ? ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለቀድሞ ጎረቤቶቼ ጻፍኩ።

አፍንጮ በር አንድ ግቢ የኖርን ሴቶች ዛሬ በየአቅጣጫው ተበትነን የምንገናኘው በስልክ ግሩፕ ነው። ማለዳ ማለዳ ምርቃት እንላላካለን፤ ጽጌረዳ ያለበት፣ ርግብ የሚበርበት፣ መዝሙር የሚሰማበት ቪዲዮ። እኔ አንዱንም አልዘልም። ምርቃት ሳይከፍቱ ማለፍ የተዘረጋ እጅ ሳይጨብጡ እንደ መሄድ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን የመጣልኝ ምርቃት ብዛቱ! «እንኳን ማርያም ማረቻት» ርችት እየተተኮሰ፣ ከበሮ እየተመታ ወረደልኝ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው አይቼ ለእያንዳንዷ አሜን ብዬ መለስኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ስል ባትሪው ዘጠኝ ፐርሰንት! ጠዋት የሞላሁት የኢንተርኔት ጥቅልም ሊያልቅ ነው የሚል መልእክት ገብቷል። መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በሰፈሩ የለም።

ጮህኩ። መምህርቷ የእሷ ስልክ ጥገና ቤት ስለገባ ባዶ እጇን እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ስልኬ ሊሞትብኝ ነው!»

ተቀብላኝ ነካካችውና ሳቋ መጣ። «እትዬ፣ ምርቃቱ እኮ ነው የበላው! ቪዲዮው ሳይነኩትም በራሱ ይወርዳል።»

«ምርቃት እንዴት ባትሪ ይበላል?»

«ይኸው በላ።»

በራሱ እንዳይወርድ አደረገችው። ተከፍተው የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋች። ካርታው የት እንዳለሁ ሲከታተል ነው ለካ የሚውለው።

«እሷ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወዲያ አትወርድ፣ ካርታው ማንን ሊመራ ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ዳታውንም ዝጊው» አልኳት።

«ከተዘጋ ጥሪው በምን ይገባል?»

«እንግዲያው ትንሽ ብቻ ክፈቺው!»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አሁን እንዝጋውና ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲሆን እንከፍተዋለን አለችኝ። ባለቤቴ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ልውሰደው ቢል አልለቅም አልኩ፤ መንገድ ላይ ቢጠራስ? ጎረቤቴም ጩኸቴን ሰምተው ሱቃቸውን ዘግተው ደረሱ፤ የእሳቸውም ስልክ እንደ ባለቤቴ ባለቁልፍ ነው፣ ቪዲዮ አያሳይም። መምህርቷ ሰዓቱ ሲደርስ ዳታውን ከፍታ፣ በመጨረሻ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ታች አወረደችው።

ልክ በስድስት ሰዓት ጠራ። አነሳሁት። ጥቁር ነው። የልጄ ባል ድምፅ ብቻ፣ «ታያላችሁ? ይኸው!» ይላል። የቀትሩ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ የራሴ ፊት ነው።

«ብርሃኑን ከፍ አድርጉት» አለ ባለቤቴ።

«እንዳትነካ!» አልን ሦስታችንም። አራት ፐርሰንት ቀርቷል።

«ጨለማ ነው የሚፈልገው» አሉ ጎረቤቴ። ጋቢውን ከባለቤቴ ትከሻ መንጭቀው በአራታችንም ራስ ላይ ጣሉት።

ጋቢው ውስጥ ጨለመ፣ ሕፃኑ በራ።

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ይመዝነናል። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላሉ ጎረቤቴ በቀኝ ጆሮዬ፤ «ጌታ ይመስገን!» ትላለች መምህርቷ በግራው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲያይ እንደኖረው አንድ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቀረበ።

«ሃያ አንድ ካራት ነው!»

«ክርንህን አንሳልኝ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አልኩት።

«አገጩ የእኔ ነው፣ እዩት!»

«አንተ ደግሞ አገጭ አለህ እንዴ?» አሉት ጎረቤቴ።

ላብ በላብ ሆነን እንንፈቀፈቃለን። አራት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ጋቢ ውስጥ! ሕፃኑ አዛጋ፤ አራታችንም አብረን አዛጋን።

«ሁለት ፐርሰንት!» ብላ ጮኸች መምህርቷ።

«ወደ ልጄ አዙረው» ልል አፌን ስከፍት ጠፋ።

ጋቢውን ገልጠን ፀጉራችን ተንጨባሮ ተያየን፤ ሳቁ እንደ አዲስ ጀመረን። እኔ ግን መሃል ላይ ቀጥ አልኩ። አገጩን ስንካፈል የወለደችውን ማንም አልጠየቀም። ደህና ናት ያለን ባሏ ነው። ድምጿን አልሰማሁም፣ ፊቷን አላየሁም።

ከባለቤቴ ባለቁልፍ ስልክ ላይ ደወልኩላት። አይነሳም። መምህርቷ እኔ ልጻፍልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ይበቃል። ቁልፉን እየፈለግሁ ጻፍኩ።

«ልጄ፣ ሕፃኑን አየነው። አንቺን ግን አላየሁሽም። እንዴት ነሽ? ራስሽ ንገሪኝ።»