መብራት አልጠፋም

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ይማረራል፤ እኔ ጆሮዬን እጥላለሁ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም ይላል፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ዝም ይላል፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ የምሰማ ይመስለኛል። ትናንት አመሻሽ ላይም ከፒያሳ ስመለስ ሰፈሩ ጨልሞ አገኘሁትና ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን አመል ያስለመደኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። የሸማኔ ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ከእኛ ጋር በአጥር ይዋሰናል። በጦርነቱ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ዘመተ። አባትየው እግራቸውን የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሰደው ለዘማቹ ጋቢ ይሠሩ ጀመር፤ ጓደኛዬ ደግሞ በተውሶ ካሜራ እሳቸውን ይቀርጽ ነበር። ቤቱ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። እናትየው ጓሮ ሆነው የመወርወሪያው ድምፅ ቆም ካለባቸው ልባቸው አያርፍም ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ተጠራርቶ ቤቱን ከከበበ በኋላ። የዘማቹ መርዶ ግን ቀደም ብሎ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ከአባትየው ጆሮ ገባ። የጦር ጓደኛው መጥቶ በሹክሹክታ ነግሯቸው ሄደ። አባትየው ለማንም ሳይተነፍሱ እስኪመሽ ሲሸምኑ ዋሉ። ይህ በኋላ ከጎረቤት አፍ ሲወጣ እናትየው ደማቸው ፈላ።

"ልጁ ሞቶ ጥለት ያሳምራል! አንጀት የሌለው!" አሉ።

አባትየው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ። የእኛ አገር ወንድ አለቀስሁ ብሎ ከሚናገር ሞቱን ይመርጣል። ከዚያ ወዲያ እናትየው ምግባቸውን ለየብቻ ማቅረብ ጀመሩ፤ አንዱ ቤት ሁለት ቤት ሆነ።

ጓደኛዬ ፊልሙን ጨርሶ ሲያሳየኝ መሐሉ ላይ ረጅም ጨለማ አለ። ምስል የለም፤ የሽመናው ድምፅ ብቻ።

"ምን ነካህ? ሰው እኮ ይሰለቻል" አልሁት።

"ይሰልች። ይህ ለእማዬ ነው።"

"ታዲያ ምነው በአፍህ አትነግራትም?"

"ብነግራት ለአባቱ ያደላል ትላለች። በጆሮዋ ትስማው።"

ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አጠገብ ባለ አዳራሽ ታየ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል፤ ቆሎ ይቆረጠማል፤ እናትየውም መሐል ተቀምጠዋል። ሰው የመጣው ታንክ ሊያይ ነበር። የሚያየው ግን የሸማኔ እጅ፣ የክር ጥቅል፣ በመስኮት የገባች ፀሐይ ነው፤ ከሩቅ መድፍ ያጉረመርማል። ከኋላ አንዱ "ጦርነቱ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለና ሳቅ ሆነ።

ወዲያው ጨለማው መጣ።

"መብራት ጠፋ!" ፉጨቱ ቀለጠ፤ የስልክ ባትሪ በየቦታው በራ። የአዳራሹ ባለቤት ጄነሬተር ሊያስነሱ በጓሮ በር ወጡ። ምን ይፈረድባቸዋል፤ ለእኛ ጨለማ ማለት መብራት መጥፋት ነው። ጄነሬተሩ ከተነሣ ግን ያ ሁሉ ድምፅ ተውጦ መቅረቱ ነው። ተከትያቸው ሮጥሁ።

"አያ፣ ይተዉት! መብራት አልጠፋም!"

"ደኅና ነሽ ልጄ? ይህን ጨለማ አታዪም?" አሉኝ የጄነሬተሩን ማስነሻ ገመድ እንደያዙ።

"ፊልሙ ነው የጨለመ!"

"ጉድ እኮ ነው! ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያይ መጣ?" አሉ፤ ቢሆንም ገመዱን ለቀቁት።

ስመለስ እናትየው ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆመዋል። "ምነው ዝም ብትሉ!" ብለው ጮኹ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ያኔ ሁላችንም ሰማን። መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። በመሐሉ በጨርቅ የታፈነ የወንድ ልቅሶ አለ። ድንገት ሽመናው ቆመ፤ ከፊልሙ ውስጥ፣ ከጓሮ፣ የእናትየው የራሳቸው ድምፅ መጣ።

"ምነው ቆምህ? ደከመህ?"

"የለም፣ ክር ተበጥሶብኝ ነው" አሉ አባትየው፤ መወርወሪያው እንደገና መሄድ ጀመረ። እናትየው እስኪነጋ እንዳይጠረጥሩ ነበር ያ ሁሉ ሽመና። ጓደኛዬ መርዶው ለአባትየው በተነገረ ዕለት በመስኮት በኩል ሲቀርጽ የአባቱን እንባ ማየት አሳፍሮት ሌንሱን በመዳፉ ሸፍኖት ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንድ ወጣት ተነሥቶ "ወንድሞቻችን አልቀው አንተ ክር ታሳየናለህ?" አለ፤ የእሱም ወንድም አልተመለሰም። አንዲት ነርስ "እኔ ቁስሉን በዓይኔ አይቼ ጠግቤያለሁ። እንዲህ ያለውን ልቅሶ ግን ማን አሰማኝ?" አለችው። ክርክሩ ከአዳራሹ ጎን እስካለው ካፌ ዘለቀ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው እላለሁ እስከ ዛሬ። የጓደኛዬ ዓይን ግን እናቱ ተነሥተው በወጡበት ባዶ ወንበር ላይ ነበር።

በባጃጅ ተከተልናቸው። አባትየው "የገዛ እጄን ለማየት ፒያሳ ድረስ ምን አስኬደኝ" ብለው ቤት ቀርተው ነበር። ስንደርስ እናትየው በአንድ ትሪ አቅርበው ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። አባትየው ግራ ገብቷቸው ትሪውን ያያሉ።

"ብቻህን ተሸከምኸው?" አሉ እናትየው።

እናትየው ጠቀለሉና አጎረሷቸው። እኛ ከደጃፉ ቀስ ብለን ተመለስን፤ ጓደኛዬ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር።

አባትየው ዛሬ የሉም። የሽመና ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኗል፤ ጓደኛዬም እንጀራ ፍለጋ ርቆ ሄዷል፤ ይናፍቀኛል። ፊልሙ ግን ስልኬ ውስጥ አለ። ትናንት ደጃፌ ላይ እንደቆምሁ እናትየው ከአጥር ማዶ ተጣሩ።

"ልጄ፣ መብራት ጠፍቷል፤ ነይ።"

የዘማቹን ጋቢ ደርበው ጠበቁኝ። ምስሉን አይፈልጉትም፤ ጨለማውን ብቻ ነው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ሰምተው ሳይጨርሱ መብራቱ መጣ። ተነሡና አምፖሉን አጠፉት።