ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጄሪካን

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስት ልጆች ወልጄ፣ አማት እየጦርኩ፣ አሰላ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር አንዲት ትንሽ ሱቅ ይዤ የምኖር ሴት ነበርኩ እንጂ በፖለቲካ ደጃፍ አልፌ አላውቅም። ጋዜጣ የማነበው እንኳ ስኳር ልጠቀልልበት ስል ነው። ማንበቡንም የተማርኩት በራሴ ነው፤ ከልጆቼ ደብተር።

የመጡት የውሃ ተራችን በደረሰበት ጠዋት ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። ያን ቀን ገና ሳይነጋ ቧንቧው ሥር የቢጫ ጄሪካን ሰልፍ ይያዛል። ጎማውን ይዤ እየቀዳሁ ሳለ ሁለት መለዮ የለበሱና አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው መጡ።

«ቀይ ጨርቅ የምታስሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ ጃኬት የለበሰው።

«አዎ» አልኩት። ጄሪካን ጠፍቶበት የመጣ ሰው መስሎኝ ነበር።

የመጡበት ፒክአፕ መኪና ላይ ውጪ ብለውኝ ስወጣ ሦስት ጄሪካኖች አብረውኝ ተጫኑ። ኤግዚቢት ናቸው፣ የወንጀል ማስረጃ ማለት ነው፣ ተባለ። የአንዱ ክዳን ላልቶ ስለነበር መንገዱን ሙሉ እግሬ ላይ ሲፈስ ሄደ። አማቴ በራችን ላይ ቆመው ነበር። «ነግሬሽ ነበር፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡም ሲያዝኑም የሚጠሩኝ እንደዚያ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም።

እውነትም ነግረውኝ ነበር። «የራስሽን ቤት በርሜል ሳትሞዪ ለሰው ትቀጃለሽ?» ይሉኝ ነበር በየሳምንቱ።

የቀዩን ጨርቅ ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት አራስ ነበረች። ባሏ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። አንዳንዱ ጫካ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ ታስሯል ይላል። ሰው ቤቷ መግባት ፈራ። የውሃ ቀን ሕፃኑን አዝላ ከሰልፉ ዳር ትቆማለች፤ ማንም አያናግራትም፣ ማንም አያሳልፋትም። እኔ ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ዓይኗን ማየት ከበደኝ እንጂ። ቧንቧው ላይ አብረውኝ የሚሰለፉትን ሴቶች «እያንዳንዳችን አንዳንድ ጄሪካን እናስተርፍላት። በሯ ላይ አስቀምጠን ዝም ብለን እንሂድ» አልኳቸው። ሦስቱ እሺ አሉ።

ለእሷ የጀመርነው ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቀጠለ፣ ከዚያ እግሯ ለተሰበረ ሴት። ብዙም ሳይቆይ የላይኛው መንደር ሴቶችም የራሳቸውን ጀመሩ። ቆይቶ ግን የራስና የሰው ጄሪካን እየተቀያየረ ቧንቧው ላይ ጠብ ሊነሳ ሆነ። አሮጌ ቀይ መጋረጃ ነበረኝ፤ ግማሹን ቀድጄ ቁራጭ ቁራጩን አደልኩ። ይህ የታሰረበት የሰው ነው፣ አትንኩት ለማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ነጭ መጋረጃ ቢኖረኝ ነጩን አድል ነበር። በዚያ በፍርሃት ጊዜ በየበሩ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ነገር ሲደረደር ሌላ ሰው ምን ብሎ እንደሚያነበው አንዳችንም አላሰብንም።

የገባሁበት ክፍል ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት የመጽሐፍ ገጽ የምታህል መስኮት አለች። የጭላሎ ተራራ ብርድ በዚያች ገብቶ አይወጣም። ወለሉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል፤ በከረጢቱ ላይ አሥራ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። በር አጠገብ የውሃ ጄሪካን፣ በሌላው ጥግ የሽንት ባልዲ። አሥራ አራተኛዋ እኔ ነኝ።

የክፍሉ ካቦ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ከአቦምሳ በኩል የመጣች አረቄ ነጋዴ ነበረች። በሰው ጠብ ገብታ ፍርድ ቤት ሳትቀርብ ወራት ተቀምጣለች። ክንዷ የወንድ ክንድ ነው።

«በምን ገባሽ?» አለችኝ።

«በውሃ።»

«ሰርቀሽ?»

«ሰጥቼ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እመት ጄሪካን፣ ቦታሽ እዚያ ከባልዲው አጠገብ ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ተጠራሁ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ እህቴ አለኝ። ሦስቱ ጄሪካኖች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።

«ቀይ ጨርቁ ምንድን ነው?»

«መጋረጃ ነው።»

«የማን ምልክት ነው ማለቴ ነው።»

«ጄሪካኖቹ እየተቀያየሩ ነው እንጂ...»

«እህቴ፣ እኔን አታሞኚኝ። ጫካ ላለ ሰው ቤት ስንቅ ስታደርሱ ነበር።»

«እኔ ያደረስኩት ላራስ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ከአንቺ ጋር ሦስት ሴቶች እንደነበሩ እናውቃለን። ስማቸውን ንገሪኝና ዛሬ ምሳሽን ከልጆችሽ ጋር ትበያለሽ።»

ሦስቱ ዓይኔ ላይ መጡ። አንዷ ጡት የምታጠባ ናት። አንዷ አስም አለባት። ሦስተኛዋ ሱቃችን አጠገብ ጎመን የምትሸጥ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ዓይኔን ጄሪካኖቹ ላይ ተከልኩ።

«እንግዲያው አስቢበት» አለ። ወደ ጠባቂው ዞሮ በዚያው በትሁት ድምፁ፣ «እስክትናገር ድረስ ለክፍሉ ውሃ አይግባ። ምክንያቱንም ንገሯቸው» አለው።

የክፍሉ ውሃ በቀን አንድ ጄሪካን ነበር፤ ረፋድ ላይ ነው የሚገባው። ካቦዋ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየለካች ታካፍላለች። ያን ቀን ረፋዱ አለፈ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ የተባለውን ነገራቸውና ቆለፈ። ከትናንቱ የተረፈው ከጄሪካኑ ሥር ሲወዛወዝ ይሰማል፤ አንድ ሁለት ጠርሙስ ቢሆን ነው።

ማንም አልጮኸችም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ሦስት ሰው ዝም ብሎ ሲያይሽ ከግድግዳው ጋር ትጣበቂያለሽ።

ከሁሉም የከፋው ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች አስተማሪ መኖሯ ነው። ኩላሊቷን ትታመማለች። ሐኪም ውሃ በብዛት ጠጪ ብሏታል። በከተማው ዘመድ የላትም፤ ስንቅ የሚያመጣላት የለም። ካቦዋ ሌላ ጊዜም ለእሷ አንድ ጠርሙስ ትጨምርላት ነበር። ያን ቀን የተረፈውን ሁሉ ሰጠቻት። እኩለ ቀን ላይ እሱም አለቀ። አስተማሪዋ ጎኗን ይዛ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች፣ ከአርቦዬ የመጣች። ወደ እኔ ተጠጋችና «እቴ፣ ሦስት ስም ምን አላት?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ይጠይቋቸውና ይለቋቸዋል። ይቺ ልጅ ግን ብትሞትብን?»

«እኔን ይለቁኝ ይመስልሻል?»

«እንጃ። ማሎ፣ ተናገሪ በቃ።» ማሎ ስትል፣ እባክሽ ማለቷ ነው፣ ክንዴን ያዘችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ተነስቼ ነበር። ሦስቱንም ስም በአፌ ደርድሬያለሁ። ከየትኛው እንደምጀምር ሁሉ መርጫለሁ፤ ከጎመን ሻጯ፣ እሷ ትችለዋለች ብዬ። ይህን እስከ ዛሬ ለእሷ አልነገርኳትም። በሩን ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ካቦዋ ከተቀመጠችበት እግሯን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችብኝ።

«የት ነው?»

«ልናገር።»

«ከመናገርሽ በፊት ለእኛ ንገሪን። በአንቺ ነገር እየተጠማን በምን እንደሆነ እንኳ አናውቅም። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ነገርኳቸው። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፤ አራሷን፣ ሽማግሌውን፣ የተጣላንበትን ጄሪካን፣ የመጋረጃዬን አሟሟት ሁሉ ነገርኳቸው። አማቴ በርሜሉን በዱላ እየመቱ «ባዶ ነው፣ ስሚው» የሚሉትን ሳስመስል አንዷ ሳቅ አመለጣት። አስተማሪዋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ግን ዝም ስል «ከዚያስ?» ትላለች።

ካቦዋ እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣ «በሩ ላይ ስታስቀምጡት ምን ትላላችሁ?» አለች።

«ምንም። አስቀምጠን እንሄዳለን።»

«አንኳኩታችሁ?»

«ሳናንኳኳ።»

«ለምን?»

«ወጥታ እንዳታመሰግነን። ምስጋናው ይከብዳታል ብለን።»

ካቦዋ ወደ መስኮቷ አየች። «እኔ ሁለት ልጆች ትቻለሁ» አለች። «ማን ውሃ እንደሚያመጣላቸው አላውቅም።»

ብዙ ቆየን። ከንፈራችን ደርቆ ተጣበቀ። ነፋሱ ከከተማው ብቅል ፋብሪካ የብቅል ሽታ ይዞ ገባ፤ ለወትሮ የምወደው ሽታ ነው፣ ያን ቀን ጥሙን አባሰው። ውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴና የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ሰው ወደ ቤቱ እየገባ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጠባቂዎቹ ሲቀያየሩ ካቦዋ ተነሳች።

«እመት ጄሪካን፣ ፀጉርሽን ፍቺ» አለችኝ።

ፀጉሬ የታሰረው በመጋረጃዬ ቁራጭ ነበር። በተያዝኩበት ጠዋት አራተኛው ጄሪካን ላይ ላስረው ይዤው ነው፤ ስፈተሽ የፀጉር ማሰሪያ ብለው ተዉልኝ። ፈትቼ ሰጠኋት። ባዶውን ጄሪካን አነሳች፣ ጨርቁን እጀታው ላይ ሁለቴ ቋጠረች፣ ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጠችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«ማንም እንዳትናገር» አለች። «አናንኳኳም።»

ቅቤ ነጋዴዋ «አብደሻል፣ ለዚህ ጨርቅ አይደል እንዴ ያሰሯት?» አለች።

በሩ ለቆጠራ ተከፈተ። ተረኛው ጠባቂ በዕድሜ የገፋ፣ ካፖርቱ የሰፋው ሰው ነው። አሥራ አራት ብሎ ቆጠረን። ዓይኑ ወረደ፤ ጄሪካኑን አየ። ጨርቁን አየ። መርማሪውን ቢጠራ ሁላችንም አንድ ምልክት ያለን ሰዎች ሆንን ማለት ነው።

«ይቺ ምን ሆነች?» አለ አስተማሪዋን እያየ።

«ጠምቷት ነው» አለች ካቦዋ።

ጎንበስ ብሎ በእጀታው አነሳውና ወጣ። በሩ ተቆለፈ። ወዴት እንደወሰደው ማን ያውቃል። አስተማሪዋ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ፤ መዳፏ እንደ እሳት ይፋጃል። የኮቴውን ድምፅ እየቆጠርን ጠበቅን። ሄደ፣ ጠፋ፣ ቆየ። ከዚያ ሲመለስ እርምጃው ከብዶ ነበር። ሸክም የያዘ ሰው እርምጃ ነው፤ እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

በሩን ከፍቶ ጄሪካኑን አስገባ። እስከ አፉ ሞልቷል። ጨርቁ የለም። እኛን አላየንም፣ እኛም አላመሰገንነውም። የመርማሪው ትእዛዝ ለተረኛው አልተነገረውም ይሆናል። ተነግሮትም ይሆናል።

ካቦዋ በመጀመሪያ ለአስተማሪዋ ሁለት ጠርሙስ አጠጣቻት። ከዚያ በተራ ሄደች። ቅቤ ነጋዴዋ ጋ ስትደርስ ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። «እኔ ይቅርብኝ» አለች።

«ጠጪ» አለቻት። «እዚህ ሰው አይጠየቅም።»

በማግስቱ መርማሪው ፊት እንደገና ቆምኩ። ወንበር አልሰጠኝም።

«አሰብሽበት?»

«አዎ። መጋረጃው የእኔ ነው። የቀደድኩትም እኔ ነኝ። ሌላ ስም የለኝም።»

«ታዲያ የምትጨምሪው የለም?»

«ጄሪካኖቹን መልሱልኝ» አልኩት። «የሰው ናቸው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያሾፍኩበት መስሎት ነበር። አላሾፍኩም።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ተቀመጥኩ። አስተማሪዋን ሐኪም ቤት ወስደዋት አልተመለሰችም፤ ወደ አገሯ መግባቷን ቆይቼ ሰማሁ። እኔን አንድ ጠዋት «ዕቃሽን ያዢ» ብለው ለቀቁኝ፤ ለምን እንደያዙኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም። ከጄሪካኖቹ ሁለቱን አገኘሁ፤ የአንዱ ክዳን የለም።

ዛሬ ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቀኝ ጀግና ሊያደርገኝ ይፈልጋል። እኔ ግን የማስታውሰው በበሩ ላይ የተነሳውን የራሴን እጅና ያን እጅ የመለሰችውን ሴት ነው። ደግ መሆን ለብቻ ሲሆን ቶሎ ይደክማል። ያን ቀን ያወቅኩት ይህን ነው።

ከተፈታሁ በኋላ የመጀመሪያው የውሃ ቀን ሲደርስ ከቤት አልወጣሁም። በመስኮት ሳይ ሰልፉ እንደ ወትሮው ነው፤ ቀይ ጨርቅ ግን የለም። ሰው ሁሉ ፈትቶ ጥሎታል። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

አማቴ ከጓዳ ወጡ። የመጋረጃውን ግማሽ ከገብስ ጆንያው ሥር ጎትተው አወጡት፤ እኔ ከተወሰድኩ በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ እዚያ የደበቁት እሳቸው ኖረዋል። አንድ ቁራጭ በጥርሳቸው ቀደዱ። ትልቁን መሸከም ስለማይችሉ ባለ አምስት ሊትሩን የዘይት ጄሪካን አነሱ፣ ጨርቁን አሰሩበት፣ ተሰልፈው ቀዱ። ከዚያ በከዘራቸው እየተደገፉ መንገዱን ተሻግረው አራሷ በር ላይ አስቀመጡትና ሳያንኳኩ ተመለሱ።