ምች ነው ያልነው

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ጎንደር ገበያ ጨርቅ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ማክሰኝት ወርጄ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስነግድ ዋልሁ፤ በማግስቱ ሁለቱ ጉንጮቼ ከነአፍንጫዬ ቀልተው ተነሣሁ። እናቴ ገና ስታየኝ "ምች ነው፤ ፀሐይ ነው የመታሽ" አለች። ዳማከሴ ጨምቃ ፊቴን አሸችኝ፤ የተረፈውን አጠጣችኝ። ቅጠል ቅጠል ሸተትሁ እንጂ አልዳንሁም። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ይላሉ፣ ጸጉሬ በማበጠሪያው እየተያዘ ይወጣል።

እኔ ደግሞ ነገር ማክረር እወዳለሁ። ሥጋ ደዌ ነው ብዬ በራሴ ላይ ፈረድሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለየሁ። ሁለት ዓመት ያለፋትን ልጄን እናቴ ቤት ሰደድኋት። ሁለት ወር ሙሉ ከበር ላይ እያየኋት ተመለስሁ እንጂ አልነካኋትም። እናቴ "ምነው፣ ልጅሽን ጠላሻት?" ስትለኝ ሻሼን ወደ ፊቴ ስቤ ወጣሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ደሜ ተመረመረና ወጣቱ ሐኪም ሕመሙ ሉፐስ እንደሚባል ነገረኝ። እሱ እንዳስረዳኝ፣ በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ነገር አለ፤ መኖሪያው ኒውክለስ የሚሉት ጓዳ ነው። ከጓዳው ውጭ ከተገኘ የሕዋሱ ዘበኛ "ቫይረስ ገባ" ብሎ ይጮኻል፣ የሰውነት መከላከያም ይነሣል። ፀሐይ ቆዳን ስትጎዳ ዲኤንኤው ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። እንደኔ ባለው ሰው ጩኸቱ ቶሎ አይበርድም፤ መከላከያው የገዛ አካሉን ይመታል።

"የቤቱን ሰው አያውቅም እንዴ?" አልሁት ተቆጥቼ።

"አያውቅም፣ እህቴ። ዘበኛው የሚያየው ዲኤንኤው የቆመበትን ቦታ ነው።"

"ልጄን ባቅፋት ይተላለፍባታል?"

"በማቀፍም፣ በመሳምም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።"

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስሁ። ለብዙ ዓመት የሚዋጥ ክኒን ሲያዝልኝ፣ ያለ ጃንጥላ እንዳትወጪ ሲለኝ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው "እሺ፣ እሺ" እላለሁ። እንዲያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም።

በባጃጅ እናቴ ቤት ደረስሁ። ነገሩን ስነግራት "አልሐምዱሊላህ" አለችና ወዲያው "ፀሐይ ነው አላልሁም?" ብላ ኮራችብኝ። ለዚያ እንኳ አልተናደድሁም። ልጄ ግን ስታየኝ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። ልጎትታት አልደፈርሁም፤ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ብዙ ቆይታ መጣች፣ ጉንጬን በጣቷ ነካችና "ያማል?" አለችኝ።

እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር። "አያምም" አልኋት፤ "ደግመሽ ንኪኝ።"