የቆንስላው መኪና ሞላ

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ ጋሼ ደምሴ ቱታና የመፍቻ ሳጥን ሰጡኝ። «ኢንግሊሽህ ኖት ባድ፤ ግን ከከስተመር ጋር ወሬ አታብዛ» አሉኝ። እኔ የመጣሁት ከአዲስ አበባ የመንግሥት ጋራዥ ነው፤ ዝምታን እዚያው ተምሬያለሁ።

ድርሻዬ ከመኪና ሥር ነበር፤ ፍሬን፣ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላ፣ ጭስ ማውጫ። ከደንበኞቻችን አንዱ ራሞን፣ የአንድ የደቡብ አሜሪካ አገር ቆንስላ ሾፌር ነው። መጀመሪያ በአሮጌ ዳትሰን ይመጣ ነበር። በአገሩ ጄኔራሎች ሥልጣን ሲይዙ መርሴዲስ ያዘ፤ ዓመት ሳይሞላ መርሴዲሶቹ ሦስት ሆኑ። ጄኔራሎቹና የኮኬይን ነጋዴዎቹ በአንድ ገበታ እንደሚበሉ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር።

አንድ ቀን ራሞን ማቆም በተከለከለበት ቦታ አቆመ። ፖሊሱ የቅጣት ደብተሩን አወጣ፣ የቆንስላውን ታርጋ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ጋሼ ደምሴ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ እንዲህ ያለ የማይነካ ታርጋ አገሬም አውቃለሁ።

የመኪኖቹ የኋላ ሞላ ቶሎ ቶሎ ይረግብ ነበር። ባዶውን የሚሄድ መኪና ሞላው አይረግብም። ለሦስተኛ ጊዜ ስቀይር የመኪናውን ወለል ከሥር በመፍቻ ነካ ባደርገው እንደ ባዶ ቆርቆሮ አልጮኸም። አዲስ ብየዳ አለበት፤ ላዩ ላይ ሆን ተብሎ ጭቃ ተለስኗል። የጥገኝነት ወረቀቴ ገና አልወጣም፤ ለማን ልናገር?

ራሞን ለካ ከኋላዬ ቆሟል። «ጨረስክ?» አለኝ።

እንደ ልማዳችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩት። እሱ ግን የደነገጥኩ መሰለው።

«ምን አይተህ ነው?» አለና የጋራዡን በር ዘጋ።

ጋሼ ደምሴ ከቢሮ ወጡ። «ሴኞር፣ እኛ አገር አዎ የሚባለው እንዲህ ነው» ብለው ትንፋሻቸውን ሳቡለት።

አላመነም። «ኢትዮጵያዊ ነህ?» አለኝ። ትንፋሼን ሳብኩ። «ሚስት አለችህ?» ሳብኩ። «ከሥር ያየኸው ነገር አለ?»

ትንፋሼን ልስብ ትንሽ ቀረኝ። «ሞላ ብቻ» አልኩ።

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ በሩን ከፍቶ መኪናውን ይዞ ሄደ።

«አይተሃል እንዴ?» አሉኝ ጋሼ ደምሴ።

ትንፋሼን ሳብኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለኔም ኖ ነው የምትለኝ» አሉ።

ራሞን ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት መጣ፤ ሞላውን ቀየርኩለት። ለማንም አልተናገርኩም። ፈርቼ ነው። ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ነው፦ ሞላው ያለ ምክንያት የሚረግብ መኪና ሲመጣ መኪና ማንሻው ሊፍት ላይ ሳይወጣ አልችልም በሉ። ከወጣና ሥሩን ካያችሁ በኋላ አልችልም ማለት አይቻልም።