መኪናዋን ከመሸጣችን በፊት ወደ ሸዋ ሮቢት

ባለቤቴ ጌታሁን ከባድ መኪና ሲነዳ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ጋቢናዋ ውስጥ ተቀምጬ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም ነበር። መኪናዋን የገዛናት የእኔን ሱቅ ሸጠን ነው። ናፍጣው ሲወደድ፣ ጎማው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ፣ "ይቺ ነገር እየበላችን ነው፤ ትሸጥ" ያልኩትም እኔው ነኝ። ገዢ ተገኘ። ጌታሁን አልተከራከረኝም፤ አንድ ጊዜ አብሬው ወጥቼ በዓይኔ አይቼ እንድወስን ብቻ ለመነኝ። ሲሚንቶ ሸዋ ሮቢት አራግፈን፣ ሽንኩርት ጭነን ልንመለስ በማለዳ ተነሣን። እኔ በልቤ ብክነቱን ከነምንጩ ልይዘው ነበር የወጣሁት።

ደብረ ብርሃን

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጌታሁን ከቁርስ በፊት ከወሎ በኩል የመጡትን ሾፌሮች እየዞረ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቀ። ሰላም ነው ካሉት በኋላ ነው እጁን የታጠበው። ፍርፍርና ሻይ ለሁለታችን ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተባልን፤ ከቤት የቋጠርኩትን ዳቦ እያሳየሁት አጉረመረምኩ። እየሳቀ ዳቦውንም በላው።

ጣርማበር

ከዋሻው እንደወጣን ምድር ከፊታችን ጠፋች። ከእግራችን ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደመና፣ ደመናው በተቀደደበት ደግሞ የይፋት ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ስምህ ይመስገን ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ያ ሁሉ ሲሚንቶ ከኋላችን ተጭኖ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ የያዘን የአንድ ሰው እጅና እግር መሆኑን ሳስብ የጋቢናውን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ። ይህን መንገድ እኔ ቤት ተኝቼ ስንት ጊዜ ወርዶታል!

ጌታሁን በከባድ ማርሽ እያዘገመ ይወርዳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ይነፉብናል። ሞተሩ እንዲህ ከጮኸ ናፍጣ እየጠጣ ነው ብዬ ልናገር ስል አንድ የጭነት መኪና ድምፅ ሳያሰማ አልፎን ሄደ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናችን ድረስ ገባ።

"ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ለቋት ነው" አለ ጌታሁን። "ማርሽ ውስጥ ሆና እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ እኮ ምንም አትጠጣም። የምትጮኸው እኛን ይዛን ነው።"

ጭነቱ ራሱ ሞተሩን እያዞረው፣ ሞተሩ ደግሞ ጭነቱን እያስታገሰው ያለ ናፍጣ መውረዳችን ለእኔ ተአምር ነበር። ደብረ ሲና ላይ ያ መኪና ከጎማው ጭስ እየወጣ ቆሞ፣ ሾፌሩ ውኃ ፍለጋ ሲሮጥ አየነው። ጌታሁን ጄሪካናችንን አወረደለት። እኔ ከመንገድ ዳር ልጃገረዶች ቆሎ ገዛሁ፤ ከዚያ በታች ሹራቤን አውልቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ ሄድኩ። ለካስ ብርድና በረሃ እንዲህ ጎረቤት ናቸው!

ሸዋ ሮቢት

ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ባጃጆቹ እንኳን ጥላ ጥላ ይዘዋል። ሲሚንቶው እንደተራገፈ ጌታሁን ሽንኩርቱ የሚጫነው ጀንበር ዘወር ስትል ነው ብሎ ዛፍ ሥር ጋደም አለ። ሥራ መፍታት ስለማልወድ መኪናዋን እዞራት ጀመር። ጎማዎቹን ብነካ ይፋጃሉ፤ እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። ሊፈነዱብን ነው ብዬ ደነገጥኩ። አጠገባችን ያለውን ጎሚስታ ጠርቼ እንዲያስተነፍሳቸው አዘዝኩት።

"ሾፌሩ ያውቃል ወይ፣ እትዬ?" አለኝ።

ባለቤቷ እኔ ነኝ አልኩት። ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ አስተነፈሰልኝ። አንድ ጎማ ማዳን ስንት እንደሆነ እያሰብኩ በኩራት ማንጎ ስበላ ቆየሁ።

ቀወት

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ የምንጭንበት ማሳ ዳር ስንደርስ ሽንኩርቱ ተነቅሎ፣ በአገዳ ተሸፍኖ ተከምሯል። ገበሬዎቹ በደቦ ሲነቅሉ ውለው ጥላ ሥር አርፈዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ደላላ ያመጣው ሌላ መኪና ቆሟል፤ እኛ ከቀረን ሊጭን ነው የመጣው። ጌታሁን እንደ ልማዱ ብረት ይዞ ጎማዎቹን መታ መታ አደረገ። ሁለተኛውን ሲመታ ፊቱ ተለወጠ። እኔ መሆኔን ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ከብርዱ አገር ተነፍቶ የወረደ ጎማ እዚህ ቆላ ሲደርስ መጠጠሩ ያለ ነው አለኝ፤ እሱን እያሰበ ነው ማለዳ የሚያስነፋው። በሙቀቱ ያስተነፈስነው ሲበርድ ይረግባል፤ ጭነት ይዞ ጣርማበርን ሲወጣ ናፍጣውን ይጨርሳል፣ ጎማውም ይቀደዳል። አሁኑኑ እናስነፋው ስለው "ሙቅ ጎማ ልኩን አይናገርም" አለና ወደ ገበሬዎቹ ሄደ። ሽንኩርቱን ካጣን ባዶ መመለሳችን ነው፤ ባዶ ከተመለስን ደግሞ መኪናዋ መሸጧ ቁርጥ ነው። የማሳው ባለቤት ጋሽ ሞገስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጌታሁን እውነቱን ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

"ጋሼ፣ ዛሬ አልጭንም። ጎማው እስኪበርድ ድረስ ሌሊቱን ማደር አለብኝ። የቸኮላችሁ እንደሆን ለዚያኛው ስጡት፣ አልቀየማችሁም።"

ደላላው ወዲያው ጣልቃ ገባ፤ የነገ ገበያ እንደሚያመልጣቸው ነገራቸው። ጋሽ ሞገስ እሱን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ።

"ልጄ፣ አምና ለቸኮለ ሰጥተን ሽንኩርታችን ገደል ገብቷል። የሾፌሩንም ሬሳ ያወጣነው እኛው ነን" አሉ። "ጌታሁንን አንድ ቀን ብንጠብቀው ምን እንሆናለን?"

ሴቶቹ ሳይነገራቸው ተነሥተው አገዳውን ክምሩ ላይ ደረቡት። ደላላውና መኪናው አቧራ አስነሥተው ሄዱ። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች የድካማቸውን ሁሉ ፍሬ በአንድ ሰው ቃል ላይ ሜዳ ሲያሳድሩ ቆሜ አየሁ። ያ ሰው ደግሞ የእኔ ባል ነው። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

መመለሻ

ጎሕ ሲቀድ ጎሚስታው ከነመንፊያው ከሸዋ ሮቢት መጥቶ በቀዝቃዛው ጎማ ላይ ለክቶ ነፋልን። ከልኩ በላይ አንድ ኬሻ አልጫንንም፤ ጌታሁን ጣርማበርን ስትወጣ አዝንላታለሁ ይላል። ዳገቱን ጭስ ሳናበዛ፣ ሳንቸኩል ወጣነው። ዋሻው ጋ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞሬ ቆላውን አየሁት፤ አሁንም አስፈራኝ። በማግስቱ ሽንኩርቱ አዲስ አበባ በሰላም ተራገፈ። ብክነት ፍለጋ ወጥቼ ካገኘሁት ብክነት ሁሉ ትልቁ የራሴ ነበር።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ገዢው ደወለ። መኪናዋ ጥሩ የመልስ ጭነት እንደማታጣ ሰምቷል፤ ዋጋ ሊጨምርልን ነው። ምን ያህል እንደሚጨምር አልጠየቅኩትም።

"ወንድሜ፣ አንተ የምትገዛው ብረቱን ነው" አልኩት። "ሽንኩርቱ ሜዳ አድሮ የሚጠብቀው ግን ሰውየውን ነው። እሱን አልሸጥልህም።"