የዶዘሩ ወንበር በገልባጩ ጋቢና

ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ኤክስካቫተር የጫነ ሎቤድ በመንገዱ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ማሽኑ ወንበር ነው። ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ እፎይ እላለሁ። ሁልጊዜም ባዶ ነው። ልጆቼ «አባባ፣ ማን ሊቀመጥበት ኖሯል?» እያሉ ይስቁብኛል። እነሱ ያደጉት ለከባድ ማሽን ተብሎ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ጎማው የበዛ ተሳቢ በየመንገዱ በሚታይበት ጊዜ ነው። እኔ ሹፌር በነበርኩበት ዘመን ሎቤድ በእኛ አገር ብርቅ ነበር። ትንሹን ባለ ሰንሰለት ዶዘር ከቦታ ቦታ የምናጓጉዘው አሸዋና ድንጋይ በምናመላልስበት ገልባጭ ነበር።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ቁመቱ ከገልባጩ የጭነት ሳጥን፣ ከካሶኒው ወለል ጋር እኩል የሆነ የአፈር ቁልል ይፈለጋል። ሹፌሩ የኋላውን መዝጊያ ከፍቶ መኪናውን እያስጠጋ ከቁልሉ ጋር ያገጥመዋል፤ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል፤ ዶዘሩም እየተንኳኳ ከአፈሩ ወደ ካሶኒው ይሻገራል። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ወለሉ ላይ አስቀድሞ አፈር ይነሰነሳል። ከዚያ ማሽኑ በወፍራም ካቴና ይታሰራል። እኔ ደግሞ በመንገድ ላይ ካሶኒው ተነሥቶ ጉድ እንዳይሠራን የማንሻውን እጀታ በሽቦ አስር ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ንባቡንም ጽሕፈቱንም ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው። የታሰረ ነገር ሁለት ጊዜ መፈተሽ እንዳለበት ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ልጆቼንም በዚሁ አሰልችቻቸዋለሁ።

አንድ ልማድ ግን ነበረን። ማሽኑ ከታሰረ በኋላ ኦፕሬተሩ ተመልሶ ይወጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ፣ ከመኪናው በላይ ከፍ ብሎ፣ በደሴ መሐል ያልፋል። ሰው ቆሞ ያየዋል፤ እሱም እንደ ሙሽራ አንገቱን ቀጥ ያደርጋል። ጋቢና የገባ ኦፕሬተር ማሽኑን ጥሎ የሸሸ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ስሙ ካንዱ ሥራ ቦታ ወደ ሌላው ይዞር ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ኦፕሬተር ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችው ባለቤቴ ናት። ዶዘሩን ከገራዶ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ እንድናወርድ በታዘዝንበት ቀን ጠዋት በር ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ እዚያ ብረት ላይ እንዳታስቀምጥብኝ» አለችኝ።

«ልማዱ ነው፤ አይሰማኝም።»

«ሌላውን ሁሉ እሺ ታሰኝ የለ? እሱን በደህና ይዘህልኝ ካልመጣህ ወደዚህ ቤት አትግባ።»

እውነቱን ልናገር። ያን ቀን አስተዋይ ስለነበርኩ አይደለም እላይ እንዳይቀመጥ እምቢ ያልኩት። ከዚያ በፊት ሌሎች ኦፕሬተሮችን እላይ አስቀምጬ ሀረጎን ወርጃለሁ፤ ክፉም አልገጠመኝ። የፈራሁት ሚስቴን ነው።

ዶዘሩ ተጭኖ ከታሰረ በኋላ እሱ እንደ ልማዱ ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ።

«ውረድ» አልኩት።

«ጋሼ፣ መንገዱን ይሂዱ እንጂ።»

«ሳትወርድ ሞተር አላስነሳም።»

«እንግዲያው እዚሁ ልንከርም ነው። ስንቅ ይዘዋል?»

አፈሩን የነሰነሱት የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። አንዱ «አማቾቹ ተጣሉ! ዶዘሩን አውርዱና እነሱን እሰሯቸው!» አለ። ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ ተቆጣ፤ ክረምቱ ሳይገባ በቦርከና ወንዝ ዳር ያሉ ገበሬዎች የጎርፍ መከላከያ እንዲቆፈርላቸው ይጠብቁ ነበር። እኔም ቁልፌን ኪሴ ከትቼ ስለ ሰው ነፍስ ክቡርነት ረዥም ምክር ጀመርኩ። እሱ ከላይ ሆኖ «አሚን» ይላል፤ ሠራተኞቹም ተከትለው «አሚን» ይላሉ። ምክሬ ቀልድ ሆነ።

የዙሁር፣ የቀትር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ውሃው ትንሽ ስለነበር ተራ በተራ ነበር ለውዱእ የምንታጠበው፤ እኔ ቀድሜ ሰገድኩ። እሱ ወርዶ ሶላት ሲቆም መፍቻዬን ይዤ ዶዘሩ ላይ ወጣሁ። ወንበሩን የያዙትን ብሎኖች ፈታሁና ወንበሩን ተሸክሜ ጋቢና አስገባሁት። ሶላት ላይ ባለ ሰው ተንኮል አይሠራም እያልኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ያን ቀን ሠርቻለሁ፤ አልጸጸትም።

ሰግዶ ሲጨርስ ወጣና ባዶውን ብረት አየ።

«ወንበሬስ?»

«ጋቢና ነው። መቀመጥ ከፈለግህ እዚያ ተቀመጥ።»

«ወላሂ አንተ ጤነኛ ሰው አይደለህም!» አለ። እህቱን ካገባሁ ጀምሮ «አንተ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

እልኸኛ ነውና በባዶው ብረት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ አግሎት ኖሮ ወዲያው ብድግ አለ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ብድግ አለ። ከሠራተኞቹ ሸምገል ያሉት «ያ ጀመዓ፣ ይህ ሰው ያለ ኮርቻ ሊጋልብ ነው!» ሲሉ ሳቁ ሥራ ቦታውን ሞላው። እሱም ሳይወድ ሳቀና ወረደ። ጋቢና ገብቶ የራሱ ወንበር ላይ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን እየነካ ተቀመጠ። ደሴን ስናልፍ ማንም እንዳያየው አጎንብሶ ነበር።

ሀረጎ ላይ ጉም ጠበቀን፤ ካፊያም ጀመረ። በከባድ ማርሽ ቀስ እያልን ስንወርድ ከአንድ ኩርባ አውቶቡስ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። አውቶቡሱ በሰላም አለፈ፤ ከኋላችን ግን ካሶኒው በሙሉ ድው አለና መኪናው ወደ ገደሉ በኩል ዘመም አለ።

መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ስደርስ ቆምኩና ወርደን አየን።

የተነሰነሰው አፈር ሸክላማ ኖሯል፤ ካፊያው ሲያገኘው እንደ ሳሙና ሆነ። አንደኛው ካቴና ተበጥሶ ዶዘሩ ወደ ጎን ተንሸራቷል። የዶዘሩ የእግር ሰንሰለት የካሶኒውን የጎን ግድግዳ ገፍቶ አጉብጦታል፤ ማሽኑም ወደ ገደሉ ተንጋዶ ቆሟል። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ከመኪናው ውጭ ነበር። ከሥሩ ጉም ብቻ ነው የሚታየው።

እሱ ወደ ጫፉ ቀርቦ ያንን ቦታ አየ። ፍሬኑን ይዤ ቢሆን ኖሮ አይንሸራተትም ነበር ብሎ እንደሚከራከረኝ ጠብቄ ነበር፤ መልስም አዘጋጅቼ ነበር።

«ጋሼ» አለ፣ «ፍሬኑን እንደያዝኩ ነበር ገደል የምገባው።»

ያዘጋጀሁትን መልስ ዋጥኩት። በሕይወቴ ምክር ይዤ ዝም ያልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሸክላውን ጠርገን አወጣን፤ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ለቅመን በሰንሰለቱ ጎን ሸጎጥን፤ በትርፍ ካቴና ደግመን አሰርነው። ኮምቦልቻ እስክንገባ ከመጀመሪያው ማርሽ አልወጣሁም። እሱ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ ዱዓ መሆኑን አውቄ አላናገርኩትም። ቁልል አፈር ተገኝቶ ዶዘሩ በሰላም ሲወርድ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አብረን ወደ ቤት ስንገባ ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ።

«የት ተቀመጥክ?» አለችው።

«ከባልሽ ጎን» አለ። የጎበጠውን ግድግዳና ጉሙን ሁሉ ራሱ ነገራት። እሷም ምሳ አቀረበች።

እኔ ገበታ ላይ ስግብግብነት አልወድም፤ ልጆቼ ሲቸኩሉ እጃቸውን እይዛለሁ። ያን ቀን እሱ ሳያላምጥ ይውጥ ነበር። አየሁትና ከፊቴ ያለውን ሁሉ ወደ እሱ ገፋሁለት።